ለመጠን ማሳያ የቆመው ሰው

ይህን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ያዘነልኝም አለ፣ የረገመኝም አለ፤ ሁለቱንም ለምጄዋለሁ። የምጽፈው ቂሜን ይዤ ተራራ ስር የዋልኩበትን አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን፣ ከእኔ ሌላ ሙሉውን የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ነው።

ያኔ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበርኩ። ወለንጪቲ ውስጥ ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ዛሬም አለች። ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ። ከአዳማም ከአዲስ አበባም ሰዎች ጥቁሩን ድንጋይ ለማየት ሲመጡ ደግሞ መንገድ የማሳየው እኔ ነኝ። ጥቁሩ ድንጋይ የምንለው በጥንት ዘመን ከተራራው ጎን ቀልጦ የወረደና ሜዳው ላይ የረጋ አለት ነው። ከሩቅ የታረሰ ማሳ ይመስላል፤ ሲገቡበት ግን የጫማ ሶል ይጨርሳል፣ የወደቀ ሰው መዳፉን ሳይቆርጠው አይነሳም። እኔ እንደ ግቢዬ የማውቀው በልጅነቴ ለአባቴ ውሃና ምሳ ይዤ ስመላለስበት ስላደግሁ ነው።

አባቴ ደቻሳ ይባላል። ከሰል አክሳይ ነበር። ሥራውን ለማታውቁ ልንገራችሁ። እንጨቱን ቆርጦ ይከምራል፣ በሳርና በእርጥብ አፈር ይደፍነዋል፣ ከዚያ በአንዲት ቀዳዳ ይለኩሰዋል። እሳቱ አየር ስለሚያጥረው እንጨቱን አመድ አያደርገውም። ከቀናት በኋላ ድፍኑ ሲፈርስ፣ የደረቀው አፈር በውስጥ በኩል የግንዱን ቅርፊት ስንጥቅ በስንጥቅ ቀድቶ ይገኛል። አባቴ ያንን አፈር እያነሳ ያሳየኝ ነበር።

በጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ብዙ ክብ ጉድጓዶች አሉ። አንዳንዱ ክንድ ያስገባል፣ አንዳንዱ ሰው ይውጣል። የአገሩ ሰው የጅብ ቤት ነው፣ የሰይጣን ቤት ነው እያለ ይርቃቸዋል። አባቴ ግን አንድ ቀን እጁን ሰዶ ውስጡን ሲዳብስ ዘወትር የሚያየውን ነገር አገኘ። ቅርፊት ነበር። የቀለጠው አለት ሲወርድ ቆሞ ያገኘውን ዛፍ ከቦታል፤ ግንዱ እርጥብ ስለሆነ የነካው አለት ቶሎ በርዶ ረግቷል፤ ከዚያ ዛፉ በውስጡ ነድዶ አልቋል፤ ድንጋዩ ግን መልኩን ይዞ ቀርቷል። ይህን ማንም አላስተማረውም። እኔ በአፈር የምሠራውን ተራራው በድንጋይ ሠራው፣ ይለኝ ነበር።

ዓይኔን አስጨፍኖ እጄን ያስገባኝና የምን ዛፍ እንደሆነ ይጠይቀኛል። የግራር ስንጥቅ ረጅምና ጥልቅ ነው። በደኖ የምንለው እሾሃም የቆላ ዛፍ ቅርፊቱ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰባበረ ነው። ወይራ ጠማማ ነው፣ አንጓ ይበዛበታል። ከሁሉም የሚወደው አንድ ትልቅ ወይራ ነበረ፤ እሱ ኤጄርሳ እያለ በኦሮምኛ ይጠራዋል። ጉድጓዱ ሰው ያስገባል፣ የሁለት ቅርንጫፎች መነሻ ሳይቀር ይታያል፤ ከታች ደግሞ ከዚያ ዘመን የተረፈ የዛፉ ከሰል ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ነበር። አባቴ የራሱን የከሰል ጆንያዎችም እዚያው ይደብቅ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ዶክተሩ መጣ። ስሙን አልጽፍም። አንቱ የምለውም በፊቱ ብቻ ነው። የድንጋይ ምሁር ነው ተባለ። አባቴ ሥራውን ትቶ ሦስት ሳምንት ይዞት ዞረ። እያንዳንዱን ጉድጓድ እየዳበሰ ይሄ ግራር ነው፣ ይሄ በደኖ ነው ይለዋል፤ ዶክተሩ ይጽፋል። በመጨረሻው ቀን ወይራውን አሳየውና ይህችን ብቻ ካርታህ ላይ እንዳታስቀምጣት አለው። ዶክተሩ እሺ ብሎ፣ ጋሽ ደቻሳ እስቲ አጠገቡ ቁምልኝ አለና ፎቶ አነሳው።

ከዓመት በኋላ ያ ፎቶ ፍርድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ዶክተሩ ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ወጥቶ፣ ኋላም ደን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ደርሶ፣ አባቴ ከነጆንያዎቹ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሰል ማክሰል ክልክል መሆኑን አባቴ ያውቅ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ስንት አክሳይ ባለበት አገር በፎቶ የተያዘ እሱ ብቻ ነው። ስምንት ወር ታሰረ። ሲወጣ የሚያስል ሰው ሆኖ ወጣ፤ የሚቀጥለውን ክረምት አልጨረሰውም።

ጽሑፉን ራሱን ያየሁት በኋላ ነው። የዛፎቹ ስም ሁሉ አለ፣ ግራሩም በደኖውም ወይራውም፣ በቅርፊታቸው የለየኋቸው ብሎ ዶክተሩ ፈርሞበታል። የአባቴን ስም ከፊት እስከ ኋላ ፈለግሁት። የለም። ከፎቶው ስር በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ ለመጠን ማሳያ የቆመ ሰው። ጉድጓዱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አንባቢው እንዲገባው ሰው አቁመዋል ማለት ነው። አባቴ ሜትር ሆኖ ቀረ። ያን ቀን ያደረብኝን ነገር ቁጭት ብዬ ላሳምረው እችላለሁ፤ ግን ቂም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቀን ልምጣ።

አንድ ማክሰኞ ከወረዳው ሰው ተልኮ ሱቄ መጣ። አንድ ድርጅት ጥቁሩን ድንጋይ በክሬሸር ፈጭቶ ለመንገድ ጠጠር ሊያደርገው ጠይቋል፤ አንድ ምሁር ደግሞ እዚያ በድንጋይ የቀሩ ዛፎች ስላሉ ቦታው ተከልሎ ይጠበቅ ብሏል፤ ኮሚቴ ሐሙስ ቦታውን አይቶ ይወስናል፤ አንቺ መንገድ ምሪ አለኝ። ምሁሩ ማን ነው ስል ነገረኝ። የዚያን ቀን ለሁለት ደንበኞች የተሳሳተ የገንዘብ መልስ ሰጥቼ መልሼ ጠርቻቸዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት በአንድ ላንድክሩዘር መጡ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሰናይት ይባላሉ፣ ነገር የማያበዙ፣ የሸራ ጫማ ያደረጉ ሴት። የድርጅቱ መሐንዲስ ወጣትና ሳቂታ ነው። ዶክተሩ ሸብቷል፣ ጉልበቱም ደክሟል፤ እጄን ሲጨብጠኝ ባለሱቋ አንቺ ነሽ አለኝ እንጂ አላወቀኝም። ሹፌሩ ከመኪናው ኋላ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰፊ ቆርቆሮ እያስተካከለ ነበር። ዶክተሩ ሥራችን ሲያልቅ የምንተክላት ነገር ናት፣ አካፋም አይጥፋ አለው። የራሱን ስም ነው ያስጻፈበት ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ያሰብኩት ቀላል ነበር። ዶክተሩ ያንን ሁሉ ዛፍ የለየው በአባቴ እጅ ነው፤ በራሱ እጅ አንዱንም አይለይም። በሰው ፊት እንዲዳብስ ማድረግ ነው። እንዲያፍር፣ ፊቱ እንዲቀላ፣ ሲሳቅበት ቆሜ እንዳይ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰብኩትም።

በዱላዬ ድንጋዩን እየመታሁ ፊት ፊት እሄዳለሁ። ከስር ባዶ የሆነ ቦታ ሲመቱት ድምፁ ይለያል፤ የላዩ ስስ ከሆነ ሰው ይዞ ይገባል። መሐንዲሱ ከጎኔ ደረሰና ስለ ዶክተሩ ምን እንደማውቅ ጠየቀኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው ብቻ ዛፉን ይለያሉ ይባላል፣ እስቲ ይጠይቋቸው፣ ደስ ይላቸዋል አልኩት። ሳቀ። መንገዱ ሁለት ቦታ ሲከፈል ወይራው ወዳለበት ወደ ቀኝ መሄድ ትቼ ወደ ግራ ይዣቸው ታጠፍኩ። በግራ በኩል ያሉት ጉድጓዶች ያረጁ፣ ጎርፍ የላሳቸው ናቸው፤ አባቴ ራሱ ሁለት ጊዜ ሳይዳብስ አይናገርም ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ዶክተሩ አለቱ ዛፉን እንዴት እንደከበበ፣ እንዴት እንደረጋ በደንብ አስረዳ፤ እውነቱን ለመናገር ሲያስረዳ ያምራል። ወይዘሮ ሰናይት ጎንበስ ብለው እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያኔ መሐንዲሱ በትህትና፣ ዓይንዎን ጨፍነው እንደሚለዩ ሰምተናልና ቢያሳዩን አለ። ዶክተሩ መዳፉን በሱሪው ጠረገ። ጽሑፉ ላይ ፈርሟል፣ አልችልም ማለት አይሆንለትም። መሐንዲሱ የአንገት ልብሱን አውልቆ ዓይኑን አሰረለት።

በመጀመሪያው ጉድጓድ ብዙ ዳብሶ ወይራ አለ። በሁለተኛው ግራር አለ። ሦስተኛው ጋ በደኖ ሳይሆን አይቀርም አለ። ከዚያ መሐንዲሱ ክንዱን ይዞ ትንሽ አዙሮት ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ መለሰው። ዶክተሩ እጁን ከተተ። ላብ በአፍንጫው ላይ ወርዷል። እኔ እጆቼን አጣምሬ ቆሜያለሁ፤ አሥራ አምስት ዓመት የጠበቅሁት ሰዓት ነው።

«ይሄ ግራር ነው» አለ።

መሐንዲሱ የአንገት ልብሱን ፈታለትና፣ «ዶክተር፣ ይሄ ጉድጓድ ቅድም ወይራ ነበር» አለው።

ሹፌሩ እንኳ ሳቀ። ዶክተሩ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀረ፣ ክንዱ እስከ ትከሻው ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ማውጣቱን ረስቶታል። የፈለግሁትን ፊት አየሁ። እንዳሰብኩት ቀላ፣ እንዳሰብኩት አንገቱን ደፋ። ደስ አለኝ፣ አልክድም።

ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም። መሐንዲሱ ወደ ወይዘሮ ሰናይት ዞረና፣ የዛፉን ዓይነት ካላወቁት ዛፍ መሆኑንስ በምን አወቁት፣ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ትኩስ አየር ሲወጣም ይፈጠራል፣ ለዚህ ሲባል የመንገድ ሥራ ይቁም ወይ አለ። ወይዘሮ ሰናይት ማስታወሻቸው ላይ መጻፍ ጀመሩ። እኔ የፈረድኩት በሰውየው ላይ ነበር፤ እነሱ እየፈረዱ ያሉት በቦታው ላይ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዶክተሩ ተነሳ። አንድ ትልቅ ጉድጓድ አለ፣ ከታች የዛፉ ከሰል ራሱ ተርፏል፣ እሱን ብታዩ ጥያቄ አይኖራችሁም አለ። የት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ካርታው ላይ እንዳላስቀመጠው፣ ቦታውም ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እንደጠፋበት፣ ላሳየው ሰው ቃል እንደገባለት ተናገረ። ማን እንደሆነ አላለም። ሰውየው ማን ነው ብሎ የጠየቀውም የለም። ከዚያ ዓይኑ ዱላዬ ላይ ወደቀ። ቀረበኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንዲህ አድርጎ ድንጋይ የሚመታ አንድ ሰው ብቻ ነው ያየሁት። የጋሽ ደቻሳ ልጅ ነሽ አይደል?»

ዱላዬን ወደ ጀርባዬ አዞርኩ።

«ልጄ፣ በእኔ ላይ ፍረጂ። ወይራውን ግን አሳዪአቸው።»

ወይራው ከቆምንበት ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም። ከዶክተሩ ትከሻ በላይ የጉድጓዱ ከንፈር ላይ የበቀለው ቁልቋል ይታየኛል። እጄን ብዘረጋ ሁሉም ያዩታል። ካሳየሁ ግን አፈረ ያልኩት ሰው ቀና ይላል፤ ጽሑፉም ልክ ነበር ይባላል፣ ስሙም ይከበራል፣ ቆርቆሮውም ይተከላል። አባቴ እንደገና ቆሞ ሜትር ሊሆንለት ነው።

ወይዘሮ ሰናይት ከወረቀታቸው ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ከሰል ያለበት ጉድጓድ እዚህ አካባቢ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«እኔ ባለሱቅ ነኝ» አልኩ። «ስለ ዛፍ የማውቀው ነገር የለም።»

ዶክተሩ አየኝ። የተቆጣ አልነበረም፤ አለመቆጣቱ ነው ያናደደኝ።

ወረድን። መኪናው ጋ እንደደረስን ቃለ ጉባኤው ኮፈኑ ላይ ተዘርግቶ ሁሉም ፈረመ። መንገድ መሪዋም ትፈርም ተብሎ እስክሪብቶ ተሰጠኝ፤ የአካባቢው ነዋሪ ተጠይቃ እንደማታውቅ ገልጻለች ከሚለው ስር ፈረምኩ። ሹፌሩ ቆርቆሮዋን የት እንትከላት ብሎ ዶክተሩን ጠየቀው። ዶክተሩ ለእሷ ስጣት አለና መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ስሙ ያለበትን ቆርቆሮ ለእኔ መስጠቱ ስድብ መሰለኝ። ለዶሮ ቤቴ ጣሪያ ይሆናል እያልኩ ተሸክሜው ገባሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሱቄ ጓሮ ብርድ ልብሱን ፈታሁት። ነጭ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ላይ በጥቁር የተጻፈው ይህ ነበር፦ በዚህ ስፍራ በድንጋይ የቀሩትን ዛፎች ያገኛቸውና በየስማቸው የለያቸው አቶ ደቻሳ፣ ከሰል አክሳይ። የዶክተሩ ስም የትም የለም። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። የለም።

ቁጭ አልኩ። ደንበኛ መጥቶ ሲያንኳኳ እሰማለሁ፣ አልከፈትኩለትም።

በማግስቱ ሱቁን ሳልከፍት ወረዳ ሄድኩ። ወይዘሮ ሰናይትን ጉድጓዱን አውቀዋለሁ፣ የአባቴ ነው፣ ትናንት ዋሽቼ ነው አልኳቸው። ቃለ ጉባኤው ለበላይ መላኩን ነገሩኝና ረጋ ብለው፣ «ትናንት ጠይቄሽ ነበር። ዛሬ እውነት መናገርሽን በምን ልወቅ?» አሉኝ። ማመልከቻ ጻፍኩ፣ አንድ ሳይሆን አራት። ከፊርማዬ ጋር የሚጋጭ ማመልከቻ ማን ያነባል? ክረምቱ እንዳለፈ ክሬሸሩ መጣ። ሲፈጭ ሱቄ ድረስ ይሰማ ነበር። ዛሬ ወለንጪቲን አልፋችሁ በዚያ አዲስ መንገድ የምትሄዱ ሰዎች ከጎማችሁ ስር ያለው ግራርና በደኖ ነው፤ አባቴ አንድ በአንድ በስም የሚያውቃቸው።

ዶክተሩ አዳማ እንዳለ እሰማለሁ። አልሄድኩበትም። ሰዎች ይቅር ብለሽዋል ወይ ይሉኛል። አላልኩትም። የአባቴን ስም በቆርቆሮ ለማጻፍ ብርታት ያገኘ ሰው በአፉ ለመጥራት ለምን አጣ? ክንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሲሳቅበት፣ የለየሁት እኔ አይደለሁም፣ ደቻሳ ነው ቢል ኖሮ እጁን ይዤ ወይራው ጋ እወስደው ነበር። አላለም። እኔም ስጠየቅ አላልኩም። አባቴን እሱ በጽሑፍ ካደው፣ እኔ በፊርማ። የእሱን አሥራ አምስት ዓመት ቆጥሬበታለሁ፤ የራሴን ገና እየቆጠርኩ ነው።

እናንተም ውስጥ ቂም የያዘ አይጠፋምና አንድ ነገር ልበል። ተዉት አልላችሁም፣ እኔም አልተውኩትም። ብቻ ከመምታታችሁ በፊት ያ ሰው ከምን ጋር ተጣብቆ እንደቆመ ዞር ብላችሁ እዩ። እኔ አላየሁም።

ማሽኑ ወይራው ጋ በደረሰ ቀን ኦፕሬተሩን ለምኜው አንድ ቁራጭ ሰጠኝ፣ በሁለት እጅ የሚታቀፍ። ባንኮኒዬ ላይ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ ቆርቆሮዋ ከኋላው ግድግዳው ላይ ናት። ሳሙና ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ ምንድን ነው ይለኛል። ዓይንህን ጨፍንና ዳብሰው እለዋለሁ። እስካሁን ያወቀ የለም። አውቆትም ሳያውቀውም፣ ያን ሐሙስ ያልተናገርኩትን እነግረዋለሁ፤ ወይራ ነው፣ ያገኘው ደቻሳ ነው፣ እኔ ልጁ ነኝ።